የጃፓን ኩባንያዎች ቦርዳቸውን እንዴት ለወጡ?

በጁን 1997 ሶኒ የቦርድ አባላቱን ቁጥር ከ38 ወደ 10 ቀነሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማንም አላስገደደውም። ሕግ አልጠየቀም፤ መንግሥትም አላዘዘም። እንዲያውም የጊዜው የንግድ ሕግ ሶኒ የፈጠረውን አዲስ የሥራ መደብ ጭራሽ አያውቀውም ነበር። ከቦርድ የወረዱት ሰዎች አልተባረሩም። «ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው የየዘርፋቸውን ሥራ መምራት ቀጠሉ። የቀሩት 10 ሰዎች ደግሞ ከዕለት ሥራ ወጣ ብለው የኩባንያውን አቅጣጫ እንዲወስኑና ሥራ አስፈጻሚዎቹን እንዲቆጣጠሩ ተባለ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጃፓን ኩባንያዎች ያንኑ አደረጉ። እነሱንም ሕግ አላስገደዳቸውም።

ኮርፖሬት ገቨርናንስ ሲባል ብዙ ሰው አሰልቺ የወረቀት ሥራ ይመስለዋል። ለእኔ ግን የጃፓን ታሪክ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሳል። አንድ ኩባንያ የጀመረውን ለውጥ ሌላው ለምን ይከተላል? ሲከተልስ ከልቡ ነው ወይስ ለይስሙላ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለይስሙላ የገባ ነገር አንድ ቀን እውነተኛ ሥራ ሊሠራ ይችላል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሴ «አዎ፣ ይችላል» ነው። ምክንያቴን ለማሳየት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። የአክሲዮን ማኅበር ባለቤቶች ባለአክሲዮኖች ናቸው። ሥራውን የሚሠሩት ግን ተቀጣሪ አለቆች ናቸው። ባለአክሲዮኖቹ በሺህ፣ አንዳንዴም በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ፤ በየቀኑ ቢሮ ገብተው አለቆቹን ሊከታተሉ አይችሉም። ስለዚህ ቦርድ ይመርጣሉ። ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ይሾማል፣ ይቆጣጠራል፣ ካላማረውም ያነሳል። በአገራችንም የባንክ አክሲዮን ገዝቶ ጠቅላላ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮርፖሬት ገቨርናንስ ማለት በባለቤቱና በተቀጣሪው አለቃ መካከል ያለው የሥልጣንና የቁጥጥር ሥርዓት ነው።

የቀድሞው የጃፓን ቦርድ እንዲህ አልነበረም። አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ትልቅ ኩባንያ ይቀጠራል። እዚያው 30 ዓመት ይሠራል። ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል፣ ያድጋል። በጣም ከተሳካለት የቦርድ አባል ይሆናል። ቦርድ ማለት የዕድገት መሰላሉ የመጨረሻ እርከን ነበር። ስለዚህ ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጡት የፋብሪካ ኃላፊው፣ የሽያጭ ኃላፊውና የፋይናንስ ኃላፊው ናቸው። ሁሉም የፕሬዚዳንቱ የበታች ሠራተኞች ናቸው። ለዚያ ወንበር ያበቃቸውም እሱ ነው። በስብሰባ ላይ እንዲቆጣጠሩት የሚጠበቀው ደግሞ ያንኑ ሰው ነው። ቁጥራቸውም የትየለሌ ነበር። ቶዮታ እስከ 2003 ድረስ 58 የቦርድ አባላት ነበሩት። 58 ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ደግሞ ማን ምን ብሎ ይከራከራል?

ታዲያ ቁጥጥር ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ትልቅ ኩባንያ አንድ ዋና ባንክ ነበረው። ባንኩ ያበድራል፣ ሒሳቡን ከቅርብ ያያል፣ ኩባንያው ሲታመም የራሱን ሰው ልኮ አመራሩን ይረከባል። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ዕቃ አቅራቢዎችና ደንበኞች አንዱ የሌላውን አክሲዮን ይይዙ ነበር። የሚትሱቢሺ ቤተሰብ የሚባሉት ኩባንያዎች አክሲዮን በብዛት እርስ በርሳቸው እጅ ነበር። የሱሚቶሞና የሚትሱይም እንደዚያው። ይህ ኩባንያዎቹን ከውጭ ገዥ ይከላከላል፤ ሠራተኛውም በሰላም ይሠራል። ኢኮኖሚው በሚያድግበት ዘመን ይህ ሥርዓት ጃፓንን ጠቅሟታል። ያኔ አሜሪካኖች ራሳቸው መጥተው ይማሩበት ነበር።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። አብዛኛው የጃፓን ኩባንያ ሒሳቡን የሚዘጋው በማርች መጨረሻ ነው። ጉባኤውን የሚጠራው ደግሞ በጁን መጨረሻ። በ1995 ከእነዚህ ኩባንያዎች 96 በመቶ ያህሉ ጉባኤያቸውን የጠሩት በአንድ ቀን ነበር። ልክ በአንድ ቀን! የሚሰጡት ምክንያት ሶካይያ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ሶካይያ ጥቂት አክሲዮን ገዝቶ «ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ ጉባኤው ላይ ተነስቼ ጉዳችሁን እዘከዝከዋለሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ከተሰበሰቡ ሶካይያው ሁሉ ቦታ መድረስ አይችልም። ግን ደህናው ባለአክሲዮንም አይችልም። የአምስት ኩባንያ አክሲዮን ያለው ሰው አንዱን መርጦ ይገባል፤ አራቱ ይቀሩበታል። የገባበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የፊት ወንበሮቹን አክሲዮን ያላቸው የኩባንያው ሠራተኞች ይዘዋቸዋል። ሰብሳቢው አጀንዳ ባነበበ ቁጥር «ተቃውሞ የለም!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ብዙው ጉባኤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ይህ ዓለም የተናጋው ገንዘብ ሲጠፋ ነው። የኒኬይ የአክሲዮን መለኪያ በዲሴምበር 1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወረደ፤ ለዓመታትም ወረደ። በ1997 ኖሙራን የመሰለ ትልቅ የደላላ ኩባንያና ዳይ ኢቺ ካንግዮን የመሰለ ትልቅ ባንክ ለሶካይያ ገንዘብ ሲከፍሉ ተገኙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ 100 ዓመት የሞላው የደላላ ኩባንያ ያማይቺ ሴኩሪቲስ ለዓመታት የደበቀው ኪሳራ ወጥቶ ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ሾሄይ ኖዛዋ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት እያለቀሱ፣ ጥፋቱ የአለቆቹ እንጂ የሠራተኞቹ እንዳልሆነ ተናገሩ። ያን ምስል በዚያ ዘመን የነበረ ጃፓናዊ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የለወጠው ነገር ግን ብዙም አልተወራለትም። ባንኮቹ ራሳቸው ስለታመሙ የያዙትን አክሲዮን መሸጥ ጀመሩ። ማን ገዛ? የውጭ አገር ባለሀብቶች። በ1990 በጃፓን የአክሲዮን ገበያ የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ግን 30 በመቶን አልፎ ነበር። የኒውዮርክ ወይም የለንደን ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ድርጅት) እንደ ወዳጅ ባንክ ዝም ብሎ እጁን አያወጣም። ትርፍ ይጠይቃል። «ቦርዳችሁ ውስጥ ገለልተኛ ሰው አለ ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

ወደ ሶኒ እንመለስ። የሶኒን መንገድ ፈጥነው የተከተሉት እንደ ሶኒ ያሉት ናቸው፤ የውጭ አገር ባለአክሲዮን የበዛባቸውና ዕቃቸውን ለዓለም የሚሸጡ። ከዚያ የእነሱ ተፎካካሪዎች ተከተሉ። ከዚያ ደግሞ «ሁሉም አድርጎታል» የሚሉት መጡ።

እዚህ ላይ «ጃፓኖች መቀዳዳት ይወዳሉ» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ነገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስሌት ነው። አንድ ፕሬዚዳንት አዲስ አሠራር ይጠቅም እንደሆነ በእርግጠኝነት አያውቅም። ብቻውን ሞክሮ ቢከሽፍበት ጥፋቱ የእሱ ነው። ተፎካካሪው ሁሉ አድርጎት ቢከሽፍ ግን ማንም አይወቅሰው። ሁሉም አድርጎት እሱ ብቻ ካልቀየረ ደግሞ «አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። ስለዚህ ጎረቤትን ማየት ብልህነት ነው። ለውጡ መጀመሪያ ቀስ የሚለው፣ በኋላ በድንገት እንደ ጎርፍ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

የሶኒ ለውጥ ለመከተል የቀለለበት ሌላም ምክንያት አለ። የማንንም ሥልጣን አልነካም። ቦርዱ አነሰ እንጂ ከኩባንያው ውጭ ሰው አስገቡ ብሎ የሚያስገድድ ነገር አልነበረውም። ፕሬዚዳንቱም ፕሬዚዳንት ሆኖ ቀጠለ።

ሥልጣን ሲነካ ምን እንደሚሆን በ2003 ታየ። በዚያ ዓመት አፕሪል ላይ ሥራ ላይ የዋለ የሕግ ማሻሻያ ለኩባንያዎች አዲስ ምርጫ ሰጠ። ምርጫው ሦስት ኮሚቴ ማቋቋም ነው፤ አንዱ ለቦርድ የሚታጩትን ይመርጣል፣ አንዱ የአለቆችን ደመወዝ ይወስናል፣ አንዱ ኦዲት ያደርጋል። በእያንዳንዱ ኮሚቴ ውስጥ የሚበዙት ከውጭ የመጡ አባላት መሆን አለባቸው፤ «ከውጭ» ሲባል ከኩባንያው ውጭ ማለት ነው እንጂ የውጭ አገር ሰው ማለት አይደለም። ሶኒ ገባበት። ሒታቺና ቶሺባ ገቡበት። ኖሙራ፣ ኦሪክስና ሆያም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለውጡ ቆመ። እስከ ዛሬ ይህን ቅርጽ የያዙት በአክሲዮን ገበያ ከተመዘገቡት ኩባንያዎች ከመቶ ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

ለምን? በጃፓን ኩባንያ የፕሬዚዳንት ትልቁ ሥልጣን ተተኪውን መምረጥ ነው። ኮሚቴው የሚነጥቀው ያንን ነው። ሌላው ምክንያት ቶዮታ ነው። ቶዮታ በ2003 የቦርዱን አባላት ከ58 ወደ 27 ቀንሷል፤ ነገር ግን ከውጭ አንድም ዳይሬክተር አላስገባም። ካኖንም እንደዚያው። ሁለቱም በትርፍ ላይ ትርፍ እያገኙ ነበር። የሌላው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ይህን ሲያይ የሚለው ግልጽ ነው፤ ቶዮታ ያላስፈለገው ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ስለ መዛመት ሲወራ ጀማሪው ብቻ ነው የሚነሳው። እምቢ ያለው ማን እንደሆነም እኩል ይወስናል።

መቀዳዳት ሁልጊዜ ወደ ባለአክሲዮን ጥቅም እንደማይወስድም ልብ በሉ። በ2005 ላይቭዶር የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ ኒፖን የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ በኃይል ለመግዛት ሲነሳ አገር ተሸበረ። ኩባንያዎች ያልተፈለገ ገዥ ሲመጣ አዲስ አክሲዮን አውጥተው ድርሻውን የሚያሳንሱበትን መከላከያ መቀበል ጀመሩ። ቀድሞ ያልነበረው ነገር በ2008 ከ500 በላይ ኩባንያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2007 ቡልዶግ ሶስ የተባለ የሶስ አምራች በዚህ መንገድ ስቲል ፓርትነርስ የሚባለውን የአሜሪካ ፈንድ ሲመልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸደቀለት። ያው የጎረቤት ስሌት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገላቢጦሽ።

ከዚያ 2011 መጣ። የካሜራ አምራቹ የኦሊምፐስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ እንግሊዛዊው ማይክል ውድፎርድ ስለ አጠራጣሪ ክፍያዎች ጠየቁ። በኦክቶበር ቦርዱ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ አባረራቸው። በኋላ ሲጣራ ኩባንያው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ደብቆ ኖሯል። ለዓለም ባለሀብቶች ይህ የጃፓን ቦርድ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ሆነ።

በ2012 መጨረሻ ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ይህን የኢኮኖሚ ጉዳይ አደረጉት። ኩባንያዎች ገንዘብ ባንክ ውስጥ ከምረው ተቀምጠዋል፤ ደመወዝ አይጨምሩ፣ አዲስ ነገር አይሞክሩ፣ ለባለአክሲዮን አያካፍሉ። እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ አለብን አሉ። የተጠቀሙበት ዘዴ ግን ትእዛዝ አልነበረም። ይህ የታሪኩ ምርጥ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

በፌብሩዋሪ 2014 ለፈንዶችና ለኢንሹራንሶች የሥነ ምግባር ኮድ ወጣ። የሰው ገንዘብ የያዛችሁ ሁሉ አክሲዮን የገዛችሁበትን ኩባንያ ጠይቁ፣ ተነጋገሩ፣ ድምፃችሁን አስባችሁ ስጡ የሚል ነው። ያኔ በዓለም ትልቁ የጡረታ ፈንድ የነበረው የጃፓን መንግሥት ፈንድም ተቀበለው። በጁን 2015 ደግሞ ለኩባንያዎቹ ኮድ ወጣ። ዋናው ነጥብ ቢያንስ ሁለት ገለልተኛ የቦርድ አባላት ይኑሯችሁ የሚል ነበር። የአሠራሩ መርሕ «ወይ ፈጽም፣ ወይ ያልፈጸምክበትን ምክንያት አስረዳ» ነው። ሁለት ገለልተኛ አባል የሌለው ኩባንያ አይቀጣም። ግን ምክንያቱን ጽፎ ለሕዝብ ማውጣት አለበት።

በ2015 ሥራ ላይ የዋለው የኩባንያዎች ሕግ ማሻሻያ ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር ነበረው። አንድም የውጭ ዳይሬክተር የሌለው ትልቅ የተመዘገበ ኩባንያ ጉባኤ ላይ ማስረዳት ያለበት «ለምን የለህም?» ለሚለው ጥያቄ አይደለም። ማስረዳት ያለበት የውጭ ዳይሬክተር መኖሩ ለምን ተገቢ እንደማይሆን ነው። ልዩነቱን አስቡት። «ተስማሚ ሰው አላገኘንም» አይበቃም። ፕሬዚዳንቱ ተነስቶ «አንድ የውጭ ሰው እዚህ ቢቀመጥ ኩባንያችን ይጎዳል» ብሎ ማስረዳት አለበት። ይህን በሰው ፊት ማን ሊል ይፈልጋል? የውጭ ሰው ፈልጎ መሾም በጣም ይቀላል።

ውጤቱ በቁጥር ይኸው። በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ አንደኛ ክፍል ከተመዘገቡት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ገለልተኛ አባላት የነበራቸው በ2014 ከመቶ 21.5 ነበሩ። በ2015 ከመቶ 48.4 ሆኑ። በ2016 ከመቶ 79.7። በ2018 ከመቶ 91.3። የውጭ ዳይሬክተርን በግዴታ የጠየቀው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው። ያኔ ግዴታው የሚመለከተው ኩባንያ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር። ሕጉ የደረሰው ሁሉም ካደረገው በኋላ ነው።

ከኮዱ ጎን ሌሎች ግፊቶችም ነበሩ። አንዱ በጃንዋሪ 2014 የተጀመረው የ400 ኩባንያዎች መለኪያ ነው። ትርፋማ የሆኑትንና በባለአክሲዮን ገንዘብ ጥሩ የሠሩትን መርጦ ይይዛል። ስሙ ያልገባ ትልቅ ኩባንያ አፈረ። አማዳ የሚባለው የብረት መቁረጫ ማሽኖች አምራች ስሙ ከዝርዝሩ ሲቀር የሁለት ዓመት ትርፉን በሙሉ ለባለአክሲዮኖች እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ግማሹን በትርፍ ድርሻ፣ ግማሹን የራሱን አክሲዮን መልሶ በመግዛት። ያልተቀጣ ኩባንያ፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ ብቻ!

ሌላው ግፊት የድምፅ አማካሪዎች ናቸው። የውጭ አገር ፈንዶች በሺህ በሚቆጠሩ ጉባኤዎች ላይ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጡ የሚመክሩ ድርጅቶች አሉ። ከእነሱ ትልቁ በ2013 የውጭ ዳይሬክተር የሌለውን ኩባንያ አለቃ አትምረጡ ማለት ጀመረ። በዚያ ዓመት የካኖኑ አለቃ ፉጂዮ ሚታራይ ያገኙት ድጋፍ 72 በመቶ ገደማ ነበር። በፖለቲካ ምርጫ ይህ ትልቅ ድል ነው። ለለመዱት ጃፓናዊ አለቃ ግን ውርደት ነው። የውጭ ዳይሬክተርን ለዓመታት አላስፈላጊ ሲሉ የነበሩት ካኖን በ2014 ሁለት ሾሙ። ቶዮታ ከዓመት በፊት ሦስት ሾሞ ነበር። እምቢ ባዮቹ ሲለሳለሱ ለሌሎቹ መሸሸጊያ አልቀረም።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንምጣ። ቅርጹ ተዛመተ። መንፈሱስ?

ቶሺባን ተመልከቱ። በ2003 ሦስቱን ኮሚቴዎች ካቋቋሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። በወረቀት ከታየ ሞዴል ነው። ኮዱ በወጣበት በዚያው የ2015 ክረምት ግን ለሰባት ዓመት ያህል ትርፉን ወደ 150 ቢሊዮን የን በሚጠጋ መጠን አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር ታወቀ። ፕሬዚዳንቶቹ የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስበው ሊደረስበት የማይችል የትርፍ ግብ ይሰጧቸዋል። ይህን «ቻሌንጅ» ይሉታል። የበጀት ጊዜው ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት «ቻሌንጁን አሟሉ» ይባላል። ኃላፊው እውነተኛ ትርፍ ከየት ያመጣል? ወጪውን ወደሚቀጥለው ጊዜ ያሻግራል፣ ገቢውን ያስቀድማል። የኦዲት ኮሚቴውስ የት ነበር? ኮሚቴውን የሚመሩት የቀድሞው የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ነበሩ። ከውጭ አባላቱ ሁለቱ ጡረታ የወጡ ዲፕሎማቶች ናቸው። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሒሳብ መዝገብ አንብቦ ጉድ ማውጣት ግን ሙያቸው አይደለም። ቶሺባ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። በዲሴምበር 2023 ከ74 ዓመት በኋላ ከአክሲዮን ገበያው ወጣ።

ብዙ ኩባንያዎችም አቋራጭ ፈልገዋል። የ2015ቱ ሕግ አንድ ተጨማሪ የቦርድ ቅርጽ ፈቅዶ ነበር። በእሱ መሠረት ከድሮም የነበሩት፣ የቦርድ አባል ሳይሆኑ ኩባንያውን የሚቆጣጠሩት የውጭ ኦዲተሮች ወንበራቸው ሳይነቀነቅ «የቦርድ አባል» ተብለው ሊቆጠሩ ይችላሉ። አዲስ ሰው መፈለግ የለም፤ ኮዱም ተሟላ። ይህ ቅርጽ ፈጥኖ ወደ መቶዎች ኩባንያዎች ገባ። የ2003ቱ እንደዚያ ቆሞ ሲቀር ይህኛው የበረረበት ምክንያት ግልጽ ነው።

እንግዲህ አንባቢ እዚህ ላይ «ሁሉም ቲያትር ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴ አፕሪል 7፣ 2016 ነው።

ሰቨን እና አይ ሆልዲንግስ የሰቨን ኢለቨን ሱቆች ባለቤት ነው። መሪው ቶሺፉሚ ሱዙኪ ያኔ 83 ዓመታቸው ነበር። በ1974 የመጀመሪያውን የጃፓን ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ቶኪዮ ያስከፈቱ፣ በጃፓን የንግድ ዓለም እንደ ንጉሥ የሚታዩ ሰው ናቸው። የሱቆቹን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሪዩኢቺ ኢሳካን ከሥልጣን ማንሳት ፈለጉ። ሱቆቹ ግን ጥሩ ትርፍ ላይ ነበሩ። ጉዳዩ አዲስ ለተቋቋመው የሹመት ኮሚቴ ቀረበ። የውጭ አባላቱ «የሚያተርፍ ሰው ለምን ይነሳል?» ብለው አልተስማሙም። ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር ኩኒዮ ኢቶ ነበሩ። ኩባንያዎች በባለአክሲዮን ገንዘብ ላይ ቢያንስ 8 በመቶ ትርፍ ያምጡ ያለውን የ2014 የመንግሥት ጥናት የመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ሰርድ ፖይንት የሚባል የአሜሪካ ፈንድም ሥልጣኑ ለሱዙኪ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሱዙኪ ሐሳባቸውን ለቦርድ አቀረቡ። 15 አባላት በምስጢር ድምፅ ሰጡ። 7 ደገፉ፣ 6 ተቃወሙ፣ 2 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ለማለፍ 8 ያስፈልግ ነበር። ሱዙኪ በዚያው ቀን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

የውጭ አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ። አራት ሰው ብቻውን ውሳኔ አይጥልም። ቆጠራውን ስታዩት ከውስጥ ሰዎችም እጃቸውን የሰበሰቡ ነበሩ። የውጭ ሰዎች መኖር ለውስጥ ሰዎቹም እምቢ ለማለት ድፍረት ሰጣቸው ብዬ አምናለሁ። ለይስሙላ የተቀመጠ ወንበር የሚሠራው በተለመደው ቀን አይደለም፤ ጭቅጭቅ በተነሳ ቀን ነው። ወንበሩ ባይኖር ኖሮ ያ ቀን ሲመጣ የሚቀመጥበት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ቀናት መጥተዋል። ሊክሲል በሚባለው የቤት ዕቃዎች አምራች ከአለቅነት እንዲለቁ የተደረጉት ኪንያ ሴቶ በጁን 2019 በባለአክሲዮኖች ድምፅ ተመለሱ። ኒሳን ሊቀመንበሩ ካርሎስ ጎስን በኖቬምበር 2018 ከታሰሩ በኋላ ሰባት ወር ገደማ ቆይቶ ወደ ሦስቱ ኮሚቴዎች ሥርዓት ገባ።

የአሁኑ ማዕበል የሚመራው በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ ራሱ ነው። በ2022 ገበያውን በአዲስ መልክ ከፈለ። ፕራይም በሚባለው ከፍተኛ ክፍል ያሉት ከቦርዳቸው ቢያንስ ሲሶው ገለልተኛ እንዲሆን ኮዱ ይጠብቅባቸዋል። በማርች 2023 ደግሞ ሌላ ጥያቄ አቀረበ። ከፕራይም ኩባንያዎች ግማሽ ያህሉ በገበያ የሚያወጡት ዋጋ ከተጣራ ሀብታቸው ያነሰ ነበር። በቀላሉ ሲነገር፣ ገበያው «ይህ ኩባንያ ተዘግቶ ንብረቱ ቢሸጥ ይሻላል» እያለ ነው። የአክሲዮን ገበያው አስተዳደር ኩባንያዎቹን ምን ልታደርጉ አሰባችሁ፣ ጽፋችሁ አውጡ አላቸው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮም ዕቅዳቸውን ያወጡትን ኩባንያዎች ስም በየወሩ ይለጥፋል። ያላወጡትን አይጠራም። እድር ላይ የከፈሉት ሰዎች ስም ሲነበብ ያልከፈለው ማን እንደሆነ ሁሉም እንደሚያውቀው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከግማሽ በታች የነበሩት በአንድ ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ ገቡበት።

የድሮው የአክሲዮን መያያዝም እየላላ ነው። በ2024 መጀመሪያ ትልልቆቹ የንብረት ኢንሹራንሶች ዋጋ ተስማምተው በመወሰን ቅሌት ከተያዙ በኋላ፣ የደንበኞቻቸውን አክሲዮን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሸጠው እንደሚጨርሱ ቃል ገቡ። ወዳጅ ድምፅ ሲቀንስ የአለቆች የድምፅ ቁጥርም ይወርዳል። ካኖን ቦርዱ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ ስላልነበረች በ2023 ሚታራይ ያገኙት ድጋፍ 50.59 በመቶ ብቻ ነበር። ለጥቂት ነው የተረፉት። በቀጣዩ ዓመት ካኖን ሴት ዕጩ አቀረበ። ቶዮታም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ለአለቃው አኪዮ ቶዮዳ የተሰጠው ድጋፍ በ2022 ከ95 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 72 በመቶ ወርዷል።

አሁን ያልተፈታው ጥያቄ ኩባንያው ራሱ ሲሸጥ ቦርዱ ለማን ይቆማል የሚለው ነው። በ2024 የካናዳው የሱቆች ኩባንያ አሊማንታሲዮን ኩሽ ታርድ ያንኑ ሰቨን እና አይን ልግዛው ብሎ መጣ። ሐሳቡን እንዲመረምር የተቋቋመው ልዩ ኮሚቴ በውጭ ዳይሬክተሮች የተሞላ ነበር። ሰብሳቢው ስቲቨን ዴከስ ነበሩ፤ በ2025 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በጁላይ 2025 ኩሽ ታርድ «ከልባቸው አልተደራደሩንም» ብሎ ጥያቄውን አነሳ። ሰቨን እና አይ ይህን ክስ አልተቀበለውም። የአክሲዮኑ ዋጋ ዜናው እንደወጣ ወረደ። ባለአክሲዮኖቹ ያ ኮሚቴ ጥቅማችንን ነው ያስጠበቀው ወይስ አመራሩን ነው የተከላከለው ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው። ከ30 ዓመት በፊት የሚጠየቅ ኮሚቴም፣ ተነስቶ የሚጠይቅ ባለአክሲዮንም አልነበረም።